ከወይን አምባ የወጣችው ልጅ

ታክሲው የአየር ጤናን አደባባይ ዞሮ ወደ ቤቴል ሲታጠፍ የሸዋረጋ ስልክ ጮኸ። ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ለልጅ ልጇ ከገዛችው ልብስ ሥር ተቀብሮ ስለነበር አውጥታ እስክታነሣው ተዘጋ። ወዲያው ደግሞ ጮኸ።

"እትዬ ሸዋረጋ፣ ባምላኩ ነኝ፣ ከትምህርት ቤት።" የዘበኛው ድምፅ ይቸኩላል። "የት ነዎት?"

"ታክሲ ውስጥ። ምነው፣ ምን ሆናችሁ?"

"የወርቅዬ አባት መጥተዋል። ወርቅዬ ይመር፣ ያቺ የአሥራ አንደኛ ክፍሏ አዳሪ። ልጄን ስጡኝ ብለው በሩ ላይ ቆመዋል።"

ሸዋረጋ ወዲያው አልገባትም። ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ፣ "የምን ልጅ?" አለች። "ልጅቷ እሳቸው ጋ አይደለችም እንዴ? በመጋቢት አይደል የሄደችው?"

"እኔም እንደዚያ አልኳቸው። እሳቸው ግን እናንተ ጋ ናት ነው የሚሉት።"

ሸዋረጋ ስልኩን ሳትዘጋ፣ "ወራጅ አለ!" ብላ ጮኸች። ረዳቱ ዞር ብሎ አያት፤ ፌርማታ ገና ነበር። ሾፌሩ ግን ፊቷን በመስታወቱ አይቶ ኖሮ ምንም ሳይል ጥግ ያዘላት።

ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት፣ ግንቦት ወር ነው። ታክሲዎች በየወንበሩ አንድ ሰው ብቻ ይጭናሉ፤ በየሱቁ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ተቀምጧል፤ ሰው ሲገናኝ በክርኑ ይነካካል። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ከተዘጉ ሁለተኛ ወራቸውን አልፈዋል። ሸዋረጋ ባጃጅ ይዛ ወደ ቀራንዮ ስትወጣ እጇ የያዘችውን የሕፃን ልብስ ይጨምቅ ነበር።

ወይን አምባ ትምህርት ቤት ሲመሠረት ያ ሁሉ አካባቢ ገጠር ነበር። በንጉሡ ዘመን ፊታውራሪ ሀብተማርያም የተባሉ ባላባት መሬቱን ሰጥተው፣ ከሸዋም ከጎጃምም ከወለጋም የመጡ ልጆች የሚያድሩበትን የድንጋይ ቤት አሠሩ። የአዳሪዎቹ አባቶች በበቅሎ መጥተው ከባሕር ዛፉ ሥር ያስሩ እንደነበር፣ ማታ ማታ ጅብ አጥሩን ይታከክ እንደነበር የቆዩ መምህራን ያወራሉ። ከተማው እያደገ መጥቶ ዛሬ ትምህርት ቤቱን በኮንዶሚኒየምና በጋራዥ ከብቦታል። የሰፈሩ ልጆች በቀን ይማራሉ፤ የሩቆቹ ያድራሉ። መንግሥት ሲለወጥ፣ ትምህርት ቤቱ ሲወረስና ሲመለስ፣ የሴቶቹ አዳሪ ግን ተዘግቶ አያውቅም ነበር። የዘጋችው ሸዋረጋ ናት።

እሷ ራሷ የዚያ ቤት ልጅ ናት። በሰማንያ ሦስት ግንቦት፣ ታንክ በአምቦ መንገድ ሲያልፍ፣ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል አዳሪ ነበረች። ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። የዚያን ጊዜዋ የአዳሪ ቤት እናት እመት ጽጌማርያም፣ መሄጃ ያጡትን ልጆች ከመስኮት ርቀው እንዲተኙ ፍራሻቸውን ኮሪደር ላይ አነጠፉላቸውና እሳቸው በሩን ተደግፈው አደሩ። የራሳቸው ልጆች መርካቶ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ሸዋረጋ ይህን ያወቀችው አድጋ የእሳቸውን ቦታ ከያዘች በኋላ ነው።

ታዲያ በመጋቢት፣ ትምህርት ቤቶች ይዘጉ የተባለ ዕለት፣ ወርቅዬ ወደ ሸዋረጋ ክፍል መጣች። ሌሎቹ ልጆች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ደረጃውን ይወርዳሉ፤ ወላጆች በር ላይ የመኪና ጡሩምባ ይነፋሉ።

"እትዬ፣ እኔ እዚሁ ልቅር?" አለቻት።

"ለምን? አገርሽ አትገቢም?"

"አጎቴ ለሰው ሊሰጠኝ ተነጋግሯል። አባዬም እሺ ብለዋል። ትምህርት ላይ ነኝ እያልኩ ነው እስካሁን የቆየሁት። ትምህርት ከሌለ ምን እላለሁ?" ልጅቷ አላለቀሰችም። "ምግብ ባይኖርም ግድ የለኝም። እራሴ አበስላለሁ።"

"ዳይሬክተሩን እጠይቅልሻለሁ፤ ቁጭ በዪ" አለቻትና ወጣች።

እውነትም ልትጠይቅ ነበር የወጣችው። ቢሮው በር ላይ ግን ወላጆች ተኮልኩለው ነበር፤ እዚያው ቆማ ሳለች ልጇ መሲ ደወለች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ባሏ ደቡብ ሥራ ላይ ነው፤ "እማዬ፣ ፈራሁ። ሐኪም ቤትም በሽታው አለ ይላሉ። ዛሬ ነይልኝ" አለቻት። ሸዋረጋ ስልኩን ዘግታ የቢሮውን በር አየች። አንዲት ልጅ እንኳ ከቀረች የአዳሪ ቤት እናት መቅረት አለባት፤ ደንቡ ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ እሺ እንደሚሉ ታውቃለች። እሺ ስለሚሉ ነው ያልጠየቀችው።

ተመልሳ፣ "ጠየቅሁልሽ" አለቻት። "አይቻልም ብለዋል። ማንም አይቀርም።"

ወርቅዬ ራሷን ነቅንቃ ብርድ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። ሸዋረጋ እስከ አየር ጤና ሸኘቻት፤ ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ አስገባቻትና በመስኮቱ፣ "ስትደርሺ ደውዪ" አለቻት። ደንቡ አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ መመለስ ነበር። ልጅቷ አልደወለችም፤ ሸዋረጋም አልደወለችላትም። ልትደውል ብላ ስልኩን ያነሣችበት ቀን ብዙ ነው፤ የምትመልስላትን ነገር ፈርታ ታስቀምጠዋለች። መሲ በሰላም ወለደች። ሕፃኑን ባቀፈችው ቁጥር የወርቅዬ ፊት ይመጣባት ነበር። ተድራ ይሆናል፣ ምን ላድርግ አሁን ትላለች ለራሷ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አስባ አታውቅም።

አቶ ይመርን በዘበኛው ቤት ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ቀጭን፣ ረዥም ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን በአፋቸው ላይ እንደ ማስክ ጠቅልለዋል። ሲያዩዋት ተነሥተው በአክብሮት ጎንበስ አሉ።

"እመይቴ፣ በጤናዎ ነው? ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁ። እህል ከጫነ አይሱዙ ጋር ለምኜ ነው እዚህ የደረስኩ።"

"አቶ ይመር…" አለች። "ልጅቷ በመጋቢት ወጥታለች። እኔ ነኝ ታክሲ ላይ ያሳፈርኳት።"

ሰውየው ጋቢውን ከአፋቸው ገለጡት። "እንዴት ይሆናል? በጎረቤታችን ስልክ ላይ ደውላ፣ 'ትምህርት ቤቱ አስቀርቶናል፤ ያበሉናል፤ ያስጠኑናል' አለችኝ እኮ። ሁለት ጊዜ ደወለች። የአይሱዙው ሾፌር ነው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሁሉ ዝግ ነው ያለኝ። ዝግ ከሆነ ልጄ ምን ትሠራለች ብዬ መጣሁ።"

ሸዋረጋ ግድግዳውን ያዘች። ባምላኩ ከዘበኛ ቤቱ ወንበር አውጥቶ አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም።

ዳይሬክተሩ አቶ ሀብተሥላሴ ከቢሯቸው ወጡ። በዕድሜ የገፉ፣ በዝግ ጊዜም ክራባት የማይፈቱ ሰው ናቸው። ነገሩን ከአባትየው ሰምተው ወደ እሷ ዞሩ።

"ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ልጅቷ ወደ ቤት መሄድ አልፈልግም ብላ ነበር? የነገረችዎት ነገር አለ?"

አባትየውም ዳይሬክተሩም አፏን እየጠበቁ ነው።

"የለም" አለች። "ምንም አላለችም።"

"እንግዲያው ፖሊስ ጣቢያ እናመልክት።"

"እስከ ከሰዓት ይታገሡኝ። ጓደኞቿን ልጠይቅ" አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች። በሩን እንዳለፈች አጥሩን ተደግፋ ቆመች። የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸችው ለልጇ ብላ ነው ትል ነበር። የአሁኑንስ?

የወርቅዬ ጓደኛ ማራናታ ቤቴል ነው የምትኖረው፤ በቀን የምትማር የአንድ መጋቢ ልጅ ናት። እናቷ በሩን በግማሽ ከፍታ የእጅ ማጽጃ አልኮል ዘረጋችላት። ሸዋረጋ እጇን እያሸች የመጣችበትን ስትነግራት ሴትየዋ ፊቷ ተለዋወጠ። ቀስ ብላ በሩን ሙሉ ለሙሉ ከፈተችው።

"ያን ዕለት እኛ ጋ ነበር የመጣችው" አለች። "ቁጭ ይበሉ። እኛ ጋ ሰነበተች። ከዚያ ባለቤቴን ሳል ያዘው። ትልቅ ሰው ነው፣ ስኳርም አለበት። ከውጭ የመጣ ሰው አታስገቡ ሲሉ… ልጄ፣ ሌላ ዘመድ ካለሽ አልኳት። አለኝ አለች። እሺ ብላ ሄደች። አልጠየቅኳትም፣ የት ነው ብዬ።"

ማራናታ ከጓዳው በር ሆና ስታዳምጥ ነበር። "ዘመድ የላትም፣ ማሚ" አለች። "ነግሬሻለሁ እኮ።" ከዚያ ወደ ሸዋረጋ ዞራ፣ "ጫልቱ ጋ ናት" አለች። "የወጥ ቤቷ ጫልቱ። ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች። በተለይ ለእርስዎ።"

"ለምን በተለይ ለእኔ?"

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች መለሰች። "የወንዶቹ አዳሪ አልተዘጋም ነበር አይደል? የጋምቤላዎቹ ልጆች እዚያው ነበሩ። ወርቅዬ ከአንዱ ጋር አየር ጤና ተገናኝታ ነግሯታል። 'ዳይሬክተሩ ራሳቸው ናቸው ቅሩ ያሉን፣ መቅረት የፈለገ ሁሉ ይቅር ብለው ነበር' አላት።"

ሸዋረጋ ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣች አታስታውስም።

ጫልቱ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወጥ ቤቱም ስለተዘጋ ሥራ አጥታ፣ አየር ጤና ካሉት ጋራዦች ፊት ለፊት ድንች እየጠበሰች ለመካኒኮች ትሸጥ ነበር። ቤቷ ረጲ ነው፤ ንፋሱ ሲዞር የቆሼ የቆሻሻ ክምር ሽታ እዚያ ድረስ ይመጣል። ሸዋረጋ ከታክሲ ወርዳ በተፈታቱ ሞተሮችና በጎማ ክምር መሃል ስታልፍ ከሩቅ አየቻቸው። ጫልቱ ምጣዱ ላይ አጎንብሳለች። አጠገቧ በጀሪካን ላይ የተቀመጠች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ልጅ ድንች ትልጣለች።

ወርቅዬ ቀና ስትል ዓይናቸው ተገናኘ። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

"ወርቅዬ።"

"አቤት።"

ከስታለች። የግራ እጇ በዘይት ተቃጥሎ ጠባሳው ገና ቀይ ነው። ሸዋረጋ እጇን ልትይዝ ጎንበስ ስትል ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ርቀትዎን ይጠብቁ" አለች። በዚያ ሰሞን ማንም ለማንም የሚለው ነገር ነበር፤ ሸዋረጋ ግን ቃሉን ከዚያ በፊት የሰማችው አልመሰላትም።

"አባትሽ መጥተዋል። ትምህርት ቤቱ ጋ ናቸው።"

ወርቅዬ ድንገት ቆመች። ድንቹ ከጭኗ ላይ ተንከባለለ። "ነገሩዋቸው? እዚህ እንዳለሁ ነገሩዋቸው?"

"ምንም አልነገርኩም።"

ጫልቱ ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አውርዳ በመሃላቸው ገባች። "እትዬ፣ ይቺን ልጅ መኪና ሥር ነው ያገኘኋት" አለች። "ጋራዥ ውስጥ፣ የቆመ መኪና ሥር ተኝታ። ዘበኛው ሊያስወጣት ሲጎትታት። አሁን ሊወስዷት ከሆነ የመጡት አልሰጥዎትም።"

"ልወስዳት አይደለም የመጣሁት።"

"ታዲያ ለምን መጡ?" አለች ወርቅዬ።

ከጋራዡ የብረት መቀጥቀጥ ድምፅ ይመጣል።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት" አለች ልጅቷ። "ያን ዕለት ዳይሬክተሩን ጠይቀውልኝ ነበር?"

ስድስት ዓመት አሳድጋታለች። ስትታመም ግንባሯን በእርጥብ ፎጣ አቀዝቅዛላታለች፤ ፀጉሯን ሠርታላታለች። አሁን ይህን ሁሉ ልትነግራት ፈለገች፤ መሲንም፣ ስልኩንም፣ ፍርሃቱንም።

"አልጠየቅኩም" አለች።

ወርቅዬ ተመልሳ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠች። "አውቄያለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ግን ተሳስቼ ቢሆን ብዬ ነበር።" የወደቀውን ድንች አንሥታ በሻሽዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጫልቱ አቀፈቻት። ሸዋረጋ ከሁለቱ ራቅ ብላ፣ እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ሳታውቅ ቆመች።

እንደምንም ብላ፣ "ከእኔ ጋር እንሂድ" አለች። "ከአባትሽ ጋር እንድትሄጂ አይደለም። እኔ ሁሉንም እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ አልሄድም ካልሽ፣ አንቺን በግድ የሚወስድ ሰው እኔን አልፎ ነው።"

"እርስዎን ማለፍ ቀላል ነው" አለች ወርቅዬ። ግን ተነሣች። ወደ ጫልቱ ዞራ፣ "አብረሽኝ ነይ" አለቻት።

ሦስቱ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። አቶ ይመር ልጃቸውን ሲያዩ ሮጠው መጡ፤ ከዚያ ልብሷንና እጇን አይተው መንገድ ላይ ቆሙ።

"ምነው ልጄ? እጅሽን ምን ነካው?"

ወርቅዬ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ግን ወዲያው ተነሥታ ወደ ጫልቱ ተመለሰች።

ሸዋረጋ ዳይሬክተሩ ወደ ቢሮ እንግባ ያሉትን አልሰማችም። እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ዘበኛው ባምላኩ እየሰማ፣ ተናገረች። ልጅቷ ልቅር ብላ እንደለመነቻት፣ ለምን እንደለመነቻት፣ እሷም ሳትጠይቅ አይቻልም ተብሏል እንዳለቻት፣ አውቶቡስ ላይ እንዳላሳፈረቻት፣ ልጅቷም ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር እስከማደር እንደደረሰች፣ ጠዋት ደግሞ እዚሁ ቦታ ላይ ዳግመኛ እንደዋሸች። ስትጨርስ አቶ ሀብተሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"እኔ ሴቶቹ ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ የሄዳችሁ መስሎኝ ነበር" አሉ ለወርቅዬ። "በሩን ከፍቼ አለማየቴ የእኔ ጥፋት ነው።" ከዚያ ወደ ሸዋረጋ ሳያዩ፣ "ስለ እርስዎ ቦርዱ ይነጋገራል" አሉ።

"ይነጋገር" አለች።

አቶ ይመር ወደ ልጃቸው ቀረብ አሉ። "እኔን ሸሽተሽ ነው መኪና ሥር ያደርሽ?" አሉ።

"አዎ፣ አባዬ።"

"ጅብ አይደለሁ። አባትሽ ነኝ።"

"ብመጣ ይድሩኝ ነበር።"

ሰውየው ጋቢያቸውን ወዲያ ወዲህ አደረጉት፤ ወደ ሸዋረጋም ዞሩ። "እመይቴ፣ እኔ ልጄን ልድር ነው ያልኩ፤ ክፉ ያሰብኩ አልመሰለኝም። እርስዎን ግን አምኜ ነው የሰጠሁ። እርስዎም እኔም ይቺን ልጅ…" ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

"ዕድሜዋም አልደረሰም፣ አቶ ይመር" አሉ ዳይሬክተሩ በለሰለሰ ድምፅ። "ሕግም አለ። ግን ሕጉን ትተን፣ ልጅቷን ይስሟት።"

ዝናቡ መጣል ጀመረ። አቶ ይመር አልተጠለሉም። "ለሰውየው ምን እንደምለው አላውቅም" አሉ። "ወንድሜም ይጣላኛል። ትምህርቱ እስኪከፈት ትቀመጥ። ከዚያ ወዲያ ያለውን… ከዚያ ወዲያ እናያለን።" ጋቢያቸውን አውልቀው ልጃቸው ትከሻ ላይ ጣሉትና፣ አይሱዙው ሳይሄድባቸው ለመድረስ በዝናቡ ወጡ። ወርቅዬ እስከ በሩ ተከተለቻቸው። ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም፤ ስትመለስ ግን ጋቢውን አጥብቃ ይዛው ነበር።

ሸዋረጋ የሴቶቹን አዳሪ በር ከፈተች። የሁለት ወር አቧራ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ አልጋዎቹ ፍራሻቸው ተጠቅልሎ ብረታቸው ብቻ ቀርቷል። ፍራሽ ልታነጥፍ ስትል ጫልቱ ተቀበለቻት። ወርቅዬ በመስኮቱ በኩል ያለውን የድሮ አልጋዋን ትታ ከበሩ አጠገብ ያለውን መረጠች።

"እኔ እዚህ አድራለሁ" አለች ሸዋረጋ። "ቦርዱ የሚለውን እስኪል ድረስ ዛሬም ነገም። ለመሲ ደውዬ ነግሬያታለሁ።"

"ጫልቱ ከእኔ ጋር ታድራለች" አለች ልጅቷ። "እርስዎ የፈለጉበት ይደሩ።"

"ወርቅዬ፣ እኔ… ይቅርታ እንድታደርጊልኝ—"

"አሁን አይጠይቁኝ።" ድምፅዋ አልከረረም፤ ደክሟታል። "ይቅርታ አድርጌያለሁ ብል ውሸት ነው። አላደረግኩም ብል ደግሞ ሲያለቅሱ አይቼ ልተኛ ነው። ደክሞኛል።" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተቃጠለ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "ሁለት ወር ሙሉ አንድ ገጽ አላነበብኩም። የጋምቤላዎቹ ልጆች ሲያነቡ ነው የከረሙት። መርዳት ከፈለጉ ቤተ መጻሕፍቱን ያስከፍቱልኝ።"

"ቁልፉ መምህር ታዲዮስ ጋ ነው። ቤታቸው ታች ኮንዶሚኒየሙ ጋ ነው። ነገ ጠዋት—"

"ዛሬ" አለች ወርቅዬ።

ሸዋረጋ ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ ወጣች። ዝናቡ በርትቷል፤ ባምላኩ ከዘበኛ ቤቱ ሆኖ፣ "እትዬ፣ ጃንጥላ ልስጥዎት!" እያለ ይጣራል። አልቆመችም። በጭቃው መንገድ፣ ጫማዋ እየተነቀለ፣ ወደ ታች ሮጠች።